የፍስክ ቀን ውሃ

ብርነሽ ወንዝ የምትወርደው በፍስክ ቀን ብቻ ነበር። ይህን ደንብ መሥሪያ ቤቷ አላወጣውም፤ የትም ተጽፎ አይገኝም። ያወጣችው ራሷ ናት። ገና በወጣትነቷ፣ በአንድ የሁዳዴ ረቡዕ፣ ከቄራ ወረድ ብሎ ካለ ድልድይ ሥር በባዶ ሆዷ የውሃ ናሙና ስትቀዳ ራሷን ስታ ወደቀች። ሾፌሩ ረጋሳ ተሸክሞ አወጣት። ስትነቃ «ሽታው ነው የጣለኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ ረቡዕና አርብ፣ ሁዳዴና ፍልሰታ ወንዝ የሚባል ነገር ቀረ፤ ናሙና የሚቀዳው በፍስክ ነው ተባለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው እዚያ ገደል ወርዶ ምን ሊሆን ነው? ባልደረቦቿም እውነቷን ነው አሉ። ረጋሳም ደንቡን ወደደው፤ ጋቢና ውስጥ ተጋድሞ መዋልን መቼም ማንም አይጠላም።

ላብራቶሪው ካዛንቺስ ነው። የወንዝ፣ የጉድጓድና የቧንቧ ውሃ ይመረመርበታል። ብርነሽ ተወልዳ ያደገችውም እዚያው ካዛንቺስ ስለሆነ፣ ሥራ በያዘች ሰሞን ምሳዋን እናቷ ቤት በልታ ትመለስ ነበር። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ግን ከባሏ ከአጥናፉ ጋር ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብታለች፤ የተወለደችበት ሰፈር ለመድረስ ታክሲ ስትቀያይር ይረፍድባታል። አጥናፉ አስተማሪ ነው፤ «አንቺ እኮ ሰው ቤት ስትጋበዢ እንኳ ብርጭቆውን አሽትተሽ ነው የምትጠጪው» እያለ ይቀልድባታል። እውነቱን ነው። ላብራቶሪው የገባችው ጠርሙስ አጣቢ ሆና ነበር። ማታ እየተማረች ቴክኒሻን ከሆነች በኋላም ጠርሙሶቹን ለማንም አላስነካችም። በአሲድ ታጥባለች፣ በተጣራ ውሃ ታለቀልቃለች፣ ወንዙ ዳር ስትደርስ ደግሞ በዚያው በወንዙ ውሃ ደጋግማ ታለቀልቃቸዋለች፤ ከዚያ በኋላ ነው የምትሞላው። ባልታጠበ ዕቃ ናሙና ያመጣ ሰው ካለ እፊቱ ትደፋበታለች። በዚህ ነገር አለቃም ዘመድም አታውቅም።

ከወደቀችበት ቀን ያተረፈችው ነገር ቢኖር እትዬ ጀማነሽን ነው። እትዬ ጀማነሽ ከድልድዩ ሥር፣ በወንዙ ዳር ጎመንና ቆስጣ እያበቀሉ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ያን ዕለት ረጋሳ ተሸክሞ ያስቀመጣት እሳቸው ደጃፍ ነበር። በሶ በጥብጠው አፏ ላይ ደቀኑላት። «ገና ነው፣ ጾም ነኝ» ብትላቸው፣ «ጠጪ፤ እኔ ልጠየቅልሽ» አሏት። ጠጣች። ከዚያ ወዲያ ወንዝ በወረደች ቁጥር እሳቸውን ሳታይ አትመለስም። እሳቸውም አንድ እስር ጎመን ሳያስይዟት፣ ደግሞም «ውሃችን እንዴት ነው?» ሳይሏት አይሸኟትም።

«ደህና ነው፣ እትዬ ጀሜ» ትላቸዋለች።

«ደህና» ስትል ንጹሕ ነው ማለቷ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ከአዲስ አበባ ወንዝ ንጽሕና የሚጠብቅ ሰው ካለ አገሩን አያውቅም ማለት ነው። ወንዙ ውስጥ የማይጣል ነገር የለም፤ ከአትክልቱ ከፍ ብሎ ደግሞ ጨጓራና አንጀት የሚያጥቡ ሰዎች አሉ፤ ደሙና ፈርሱ ወደ ታች ይወርዳል። «ጀርሙን እሳት ይገድለዋል፤ እኔ የምፈራልዎት እሳት የማይገድለውን ነው» ብላ አንዴ አስረድታቸዋለች። እሳት የማይገድለው የወርክሾፑና የፋብሪካው መርዝ ነው። ከሁሉም አብልጣ የምትፈራው አንዱን የክሮሚየም ዓይነት ነበር፤ የመኪና ማርሚታና የአልጋ ብረት ለብጠው የሚያብለጨልጩ ሰዎች የሚጠቀሙበትን። እሱን በትንሽ በትንሹ ለዓመታት የተመገበ ሰው ጉበቱም ኩላሊቱም አይተርፍም፤ ካንሰርም ያመጣል ይባላል። ፈተናው ግን ቀላል ነው። መፈተኛው መድኃኒት ውሃው ላይ ጠብ ይደረጋል። መርዙ ካለ ውሃው ሐምራዊ ይሆናል፣ ከሌለ እንዳለ ይቀራል። የእትዬ ጀማነሽ ውሃ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ሐምራዊ ሆኖ አያውቅም።

እሳቸውም ይህችን «ደህና ነው» ይዘው ነበር የሚኖሩት። «ይሄ የወንዝ ዳር ጎመን አይደለም እንዴ?» የሚል ገዢ ሲመጣ፣ «የእኔን ውሃ ከካዛንቺስ ድረስ እየመጡ ነው የሚያዩት» ይሉታል። ሰዉም አምኖ ይገዛል። በሁዳዴማ ጎመኑ ገና ሳይቀነጠስ ባለቤት ያገኛል። የዓመቱ ቀለባቸው የሚሸፈነው በዚያች ጾም ነው።

አምና ላብራቶሪው ዮርዲ የምትባል ወጣት ኬሚስት ቀጠረ። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ሥራ ላይ ቀልድ አታውቅም። ጾሙን ግን የምትጾመው ቁርሷን በልታ ነው፤ ሥጋና ወተቱን ከተወች እሷ ዘንድ ጾም ማለት እሱ ነው። በሁዳዴ አጋማሽ ብርነሽ ለቅሶ ሄዳ በቀረችበት በአንድ ረቡዕ፣ ዮርዲ ስለ ደንቡ የነገራት ሰው ስላልነበረ ጠርሙሶቹን ይዛ ወጣችና ረጋሳን ከጋቢናው ቀሰቀሰችው።

«ዛሬ ረቡዕ ነው እኮ» አላት እንቅልፉን ሳይጨርስ።

«እና ወንዙ ይጾማል?» አለችው።

በማግስቱ ብርነሽ ስትመለስ ዮርዲ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆማ ጠበቀቻት። መድኃኒቱን ጠብ አደረገች። ውሃው ሐምራዊ ሆነ።

«ይሄ ከየት የመጣ ነው?»

«ከቄራ በታች ካለው ድልድይ። ማለቴ፣ ጎመኖቹ ጋ» አለች ዮርዲ። «እኔም አላመንኩም ነበር። ትናንትም ሠርቼዋለሁ፤ ያው ነው።»

«ጠርሙሱ በምን ታጠበ?»

«እርስዎ ያጠቡት ነው፣ እትዬ ብርነሽ።»

«ወንዙ ዳር አለቀለቅሽው?»

«አለቀለቅኩት።»

«አልታጠበም» አለች ብርነሽ። በቃ፣ አልታጠበም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ በገዛ እጇ ያጠበችውን ጠርሙስ እየካደች መሆኗን አልሰማችውም። ዮርዲ ሰማች፤ ሐምራዊውን ውሃ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችላት። ብርነሽ ይህን ስታይ ይበልጥ በሸቀች። «ነገ ራሴ ወርጄ አመጣለሁ» አለች።

«ነገ አርብ ነው» አለ ረጋሳ ከበሩ ላይ።

«አውቃለሁ።»

አርብ ቀትር ላይ ወረደች። ነጠላዋን አፍና አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማለች። ሽታው ሲመጣ እንዳይጥላት ድንጋዩን እየያዘች ቀስ ብላ ወርዳ ከድልድዩ ሥር ቆመችና ጠበቀች። የሚሸት ነገርስ ነበረ፤ ጭቃው ይሸታል፣ ቆሻሻው ይሸታል። እሷ የፈራችው የደምና የፈርስ ሽታ ግን የለም። ነጠላዋን ከአፍንጫዋ አወረደችው። ውሃውም እንደምታውቀው ድፍርስ አልነበረም፤ ሳሳ ብሎ ከሥሩ ድንጋይ ይታያል። ቀና ብላ ወደ ላይ አየች። አንጀት ከሚታጠብበት ቦታ ማንም የለም፤ በርሜሎቹ ተደፍተው ፀሐይ ይመታቸዋል። ለነገሩ በሁዳዴ ማን ይኖራል? ለሙስሊም ደንበኛ የሚያጥቡት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም አርብ ነውና ጁምዓ ሄደዋል።

ያኔ ክው አለች። በወጣትነቷ የወደቀችውም በሁዳዴ ረቡዕ ነበር። ያን ዕለትም ይህን ያህል አጣቢ አልነበረም ማለት ነው። የጣላት ሽታ አይደለም፤ ረሃብና ፀሐይ ኖሯል። እሷ ግን ያልነበረ ሽታ ከስሳ፣ የጾሙን ወንዝ አንድም ቀን ሳታይ ዕድሜዋን ፈጀች። ጠርሙሱን እንደዚያ ስታጥብ ቀኑን አላጠበችውም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው ለካ ለእሷ ነው።

«ብርዬ፣ በጾም ቀን?» አሉ እትዬ ጀማነሽ ከመደባቸው ቀና ብለው። ከወንዙ በባልዲ እየቀዱ ጎመኑን ያጠጣሉ።

«ሥራ ነው፣ እትዬ ጀሜ።»

«ደግሞ እንዳትወድቂብኝ። ዛሬ በሶም የለኝ።» ሳቅ ብለው አንድ እስር ጎመን ቀነጠሱና አስያዟት። «ውሃችን እንዴት ነው?»

ጠርሙሱ በአንድ እጇ ነው፣ ጎመኑ በሌላው። ናሙናው ገና አልተፈተነም፤ የትናንቱ ሐምራዊ ደግሞ ከዓይኗ አልጠፋም። አላውቅም ማለት ትችል ነበር። ቆዩ፣ ልየው ማለት ትችል ነበር። ምላሷ ግን ለምዷል።

«ደህና ነው» አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መኪናው ጋ ስትደርስ ተመልሼ ልንገራቸው አለች፤ ምን ብዬ ብላ ደግሞ ተወችው። እስከ ካዛንቺስ ጎመኑን ጭኗ ላይ ይዛ ሄደች።

ላብራቶሪ ገብታ መድኃኒቱን በገዛ እጇ ጠብ አደረገች። ሐምራዊ ሆነ። ቁጭ አለች። ጎመኑ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ጠርሙሱ ታጥቧል» አለቻት ለዮርዲ። «የበደልኩሽ እኔ ነኝ፣ ይቅር በዪኝ።»

«እሱስ ምንም አይደለም» አለች ዮርዲ፣ አጠገቧ ወንበር ስባ። «ግን እስካሁን እንዴት አንዴም ሳይታይ?»

«አንቺው ብለሽዋል እኮ። ወንዙ ይጾማል።»

ዮርዲ የምትቀልድባት መሰላት። ብርነሽ ስለ አጣቢዎቹ፣ ስለ በርሜሎቹና ስለ ራሷ ደንብ አንድ በአንድ ነገረቻት። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «በቃ፣ ደሙ ነዋ» አለች። ደምና ፈርስ ይህን መርዝ ሲያገኘው ጠባዩን ይለውጠዋል፤ ጉዳቱ ወደሚያንስ ወደ ሌላው ዓይነት ክሮሚየም ይቀየርና ጭቃው ውስጥ ይተኛል፤ ያን ዓይነቱን ደግሞ የእነሱ ፈተና አያየውም። አጣቢዎቹ በሌሉ ቀን ግን መርዙን የሚነካው የለም፤ እንዳለ ይወርዳል። የሚወርደው ደግሞ በበጋ፣ ጎመኑ ቀን በቀን በሚጠጣበትና ሰዉ ሁሉ ጎመን በሚበላበት በሁዳዴ ነው። ብርነሽ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጎመን ገፋ አደረገችው። ልጆቿን ያሳደገችው በዚያው ጎመን ነው።

ኃላፊያቸው አቶ ሃብተአብ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጠንቃቃ ናቸው። «ወይዘሮ ብርነሽ፣ በሁለት ናሙና ሕዝብ አናስደነግጥም» አሏት። «ደጋግመን እንይና ከፋሲካ በኋላ በደብዳቤ እናሳውቃለን።»

«ከፋሲካ በኋላማ ደህና ነው ይለናል።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ፋሲካ ነዋ፣ አቶ ሃብተአብ። ሥጋ ይበላል፣ አንጀት ይታጠባል፣ ውሃውም ደህና ይሆናል። ሰዉ ግን እስከዚያ ጾሙን ሙሉ በልቶት ጨርሷል።»

አቶ ሃብተአብ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ላይ ላዩን ሄደን ምንጩን እንፈልግ፤ በሱ አልከራከርም» አሉ በመጨረሻ። «እስከዚያ ግን በመሥሪያ ቤቱ ስም ምንም እንዳይናገሩ።»

«በራሴ ስም ነው የምናገረው» አለች ብርነሽ። «ደህና ነው ያልኩትም በራሴ ስም ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ሄደች። ከኦሎምፒያ በእግሯ ወረደች፤ ታክሲ ጠፍቶ ሳይሆን መድረሱን ስላልወደደችው ነው። እትዬ ጀማነሽ መደባቸው ውስጥ ናቸው፤ ሁለት ሴቶች ዘንቢል ይዘው ዳር ላይ ይጠብቃሉ።

«እትዬ ጀሜ፣ ለብቻዎ ላነጋግርዎት ነበር።»

«ምን አለ፣ ሰው እኮ ነው። ተናገሪ።»

ተናገረች። አላረዘመችውም። ውሃው መርዝ እንዳለበት፣ በጾም ቀን እንደሚብስ፣ እሳትም እንደማይገድለው ነገረቻቸው። እትዬ ጀማነሽ ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ትናንት ደህና ነው አልሽኝ።»

«ሳላየው ነው ያልኩዎት።»

«ሳታዪው?»

«ሳላየው።»

«እስከዛሬም ሳታዪው ነበር የምትዪኝ?»

«የድሮውን አይቼዋለሁ። ቀኑን ተሳስቼ ነው ያየሁት። የትናንቱን ግን አላየሁትም ነበር፣ እትዬ ጀሜ። አፌ ነው።»

እትዬ ጀማነሽ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ለምለም ነፍሰ ጡር ናት» አሉ። ለምለም ልጃቸው ናት። «ጎመን አማረኝ አለች። ትናንት አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የላኩላት።» ከጉያቸው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። «ለምለም፣ ያን ጎመን ድፊው። ድፊው ነው የምልሽ። በልተሽዋል? … እሺ፣ የቀረውን ድፊው።» ስልኩን ዘጉ።

«አንድ ጊዜ የተበላ አይደለም የሚጎዳው» አለች ብርነሽ። ይህን ያለችው እውነት ስለሆነ ነው፤ ሌላ የምትሰጣቸው ነገርም አልነበራትም።

«እሷ እኮ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሌላ ጎመን አታውቅም» አሉ እትዬ ጀማነሽ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ዛሬ የለም።»

«ይኸው ሞልቶ የለም እንዴ?» አለች አንዷ።

«የለም አልኩ፣ የኔ እናት።»

ማጭዳቸውን አንስተው ከመጀመሪያው መደብ ጎንበስ አሉና ጎመኑን ከሥሩ ማጨድ ጀመሩ። ብርነሽ ነጠላዋን አሸርጣ ልታግዛቸው አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። «ተዪው» አሏት፣ ቀና ሳይሉ። ተወችው። ሲያጭዱ ጥቂት ቆማ አየቻቸው፤ ከዚያ ዳገቱን ወጣች። ታክሲ ውስጥ አለቀሰች፤ ያየ ሰው ለቅሶ ቤት ደርሳ የምትመለስ ይመስለዋል።

ምንጩ በሚቀጥለው ሳምንት ተገኘ። ብርነሽና ዮርዲ ከአጣቢዎቹ በላይ ወጥተው፣ ወንዙን እየተከተሉ በየድልድዩ ቀዱ። ሽቅብ በሄዱ ቁጥር ሐምራዊው ይደምቃል። አንድ ወርክሾፕ ከአጥሩ ሥር ቱቦ አውጥቶ ወንዝ ውስጥ ይለቅ ነበር፤ ከቱቦው በላይ ያለውን ውሃ ሲፈትኑት እንዳለ ቀረ። በዚህ ጊዜ አቶ ሃብተአብ ፋሲካን አልጠበቁም፤ የዚያኑ ዕለት ደብዳቤ ጻፉ። ቦታው ታሸገ፤ ቆይቶ ባለቤቱ ዕቃውን ጭኖ ሄደ አሉ። የት እንደሄደ ግን እንጃ፣ የሄደበት ውሃ ያውቀዋል።

ለምለም በደህና ተገላገለች። እትዬ ጀማነሽ መሬቱን አልለቀቁም፤ ጎመኑን ትተው አበባና የዛፍ ችግኝ ያፈላሉ፤ እንደ ጎመኑ ባይሆንም ያኖራል። ብርነሽም አሁን በፍስክም በጾምም ወንዝ ትወርዳለች። የነፍስ አባቷን ብታማክራቸው «ለሥራሽ ነው፤ በሶሽን ጠጥተሽ ውረጂ» አሏት። ረጋሳም እንቅልፉን ተቀምቶ ሲያጉረመርም ይውላል።

ወንዝ በወረደች ቁጥር እትዬ ጀማነሽን ሰላም ትላለች። እሳቸውም እንደ ወጉ አጥናፉን፣ ልጆቹን፣ ጤናዋን ይጠይቋታል። ውሃውን ግን አይጠይቋትም። ሐምሌ አለፈ፣ መስቀል አለፈ፣ ገናና ጥምቀት አለፉ፤ አንድም ቀን አልጠየቋትም። ብርነሽን ከስድቡም ከቁጣውም ይልቅ ያ ያንገበግባት ነበር። ለአጥናፉ «ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር» ብላዋለች።

ዘንድሮ በሁዳዴ፣ በአንድ ረቡዕ፣ ጠርሙሷን ሞልታ ስትከድን እትዬ ጀማነሽ የለምለምን ልጅ አዝለው ከችግኞቹ መሀል ብቅ አሉ። አጥናፉን ጠየቁ። ልጆቹን ጠየቁ። ከዚያ ጠርሙሱን አዩት።

«ውሃችን እንዴት ነው?» አሏት።

ብርነሽ አንገቷን ቀና አደረገች። «አላውቅም፣ እትዬ ጀሜ። ገና አላየሁትም። ነገ መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

እትዬ ጀማነሽ ሕፃኑን ከጀርባቸው ወደ ላይ ሳብ አድርገው አስተካከሉ።

«ያኔም እንዲህ ብትዪኝ ምን ነበረበት» አሏት።